ጨረቃዋ ምን በደለች?

ልጆች ሳለን በሰፈራችን ጨብጥ የሚይዘው በሦስት መንገድ ብቻ ነበር። ጨረቃ እያዩ መሽናት አንድ፣ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ መሽናት ሁለት፣ ውሻ የሸናበት ቦታ ላይ ደርቦ መሽናት ሦስት። ይህንን የነገሩን የሰፈሩ ትልልቅ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱም የነገሯቸው ከእነሱ የሚበልጡት ናቸው። ከመካከላችን ወንዶቹ አምነን፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት ፊታችንን ወደ አጥር አዙረን ስንሸና አደግን። (ይህንን እያነበበ ፈገግ ያለ ወንድ ካለ እሱም አድርጎታል ማለት ነው።) ሴቶቹ የአምዳችን ባልደረቦች ጋ ደግሞ ተረቱ እንኳን አልደረሰም። ለእነሱ የተነገራቸው “ከወንድ ጋር እንዳትቆሚ” የሚለው ብቻ ነው።

አሁን ስናስበው የተረቱ ጥቅም ይገባናል። ጨረቃ አትጠየቅም። ድንጋይ አይጠየቅም። ውሻም ቢጠየቅ አይመልስም። በሽታው ከሰማይ ወረደ ካልን ከማን እንደያዝነው፣ ለማንስ እንዳስተላለፍነው ከመናገር እንገላገላለን። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቂጥኝ በአውሮፓ በተስፋፋበት ዘመን ጣልያኖቹ “የፈረንሳይ በሽታ” ሲሉት፣ ፈረንሳዮቹ “የናፖሊ በሽታ” ይሉት ነበር፤ ራሺያኖቹ ደግሞ ወደ ፖላንድ ጠቆሙ። የሰው ልጅ ስለዚህ በሽታ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ጣቱን ወደ ሌላ መቀሰር ነው።

ዛሬ ጨረቃን የሚያማ ከተሜ ወጣት እምብዛም የለም። እኛ ግን ሌሎች ጨረቃዎች አግኝተናል። “ብርድ መቶኝ ነው”፣ “ሽንት ቤት ነው የያዘኝ”፣ “ትንሽ ኢንፌክሽን ነው”፣ “ውሃ ስለማልጠጣ ነው” እንላለን። ይህ ጽሑፍ ስለ አባላዘር በሽታዎች ነው። ነገር ግን “ተጠንቀቁ” ብሎ የሚያልቅ የጤና ትምህርት ልንሰጥ አልመጣንም፤ እሱን ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጀምሮ ጠግበነዋል። ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው፦ በሽታው የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ ለብቻችን እየታከምን ነው። ለብቻ የተደረገ ሕክምና ደግሞ ግማሽ ሕክምና ነው። የቀረውን ግማሽ ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

ማኪያቶ ላይ የተሰጠ ሕክምና

ይህንን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። እጃችን አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጃችን ካፌ ውስጥ ከብዙ መቅበጥበጥ በኋላ ሽንቱን ሲሸና እንደሚያቃጥለው፣ ጠዋት ጠዋትም ፓንቱ ላይ መግል የመሰለ ፈሳሽ እንደሚያይ ነገረን። የሴት ጓደኛ አለችው፤ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከእሷ ውጪ አንድ ምሽት የሆነ ነገር መፈጠሩንም ነገረን። እኛ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው አራት ሰዎች ነበርን። ከአራታችን አንዳችንም የሕክምና ባለሙያ አልነበርንም፤ ግን አራታችንም መድኃኒት አዘዝን። “ሲፕሮ ግዛ” አልነው። “ዶክሲም ጨምርበት” ያለም ነበር። በአንድ ድምፅ የተስማማነው ግን በሌላ ምክር ነው፦ “ለእሷ ምንም እንዳትነግራት። ለምን ታሳቅቃታለህ? ታክመህ ዝም በል።”

ወዳጃችን ከሰፈሩ ራቅ ያለ ፋርማሲ መረጠ። ሰው እስኪወጣ ሽንት ቤት እንደቸኮለ ሰው እየተቁነጠነጠ ጠበቀ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቃትን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ “ለጓደኛዬ ነው።” ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ምንም ሳትጠይቀው ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ቀለል አለው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰበት። “መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው” ብለን ሌላ አዘዝንለት። እንደገና ቀለል አለው። እኛም ነገሩን ረሳነው።

ከወራት በኋላ ልጅቱ ከሆዷ በታች ሕመም ጀመራት። እናቷ “ብርድ ነው” ብለው ጤና አዳም አፈሉላት። ሕመሙ ባሰ፣ ትኩሳት ተጨመረበት፣ ሐኪም ቤት ተኛች። ኢንፌክሽኑ ከማህፀን በር አልፎ ወደ ቱቦዎቹ እንደወጣ ተነገራት። ሐኪሙ ከጠየቃት ጥያቄዎች አንዱ “ጓደኛሽ ታክሟል?” የሚል ነበር። እሷ ደግሞ ከምን እንደሚታከም አላወቀችም። መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን አጥፍቶላታል። ቱቦዎቿ ላይ ጠባሳ ይተው አይተው፣ ልጅ በፈለገች ጊዜ ይቸግራት አይቸግራት ግን ያኔ በእርግጠኝነት ሊነግራት የቻለ ሰው አልነበረም።

አሁን አብረው አይደሉም። ታሪኩን እንድንጽፈው ሁለቱንም አስፈቅደናል። ከመካከላችን አንዷ ልትጠይቃት በሄደች ጊዜ ልጅቱ ስለ እሱ ብዙም አላወራችም። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “እናንተም ታውቁ ነበር?”

እናውቅ ነበር።

ስማቸውን እንጥራው

አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። ተረቱ በእኛ ዘመን ተሻሽሏል ማለት ነው፤ ዛሬ በሽታውን ደብቆ መድኃኒት ማግኘት እንደ ማስቲካ ቀላል ነው። የማይገኘው ፈውሱ ነው። ለምን እንደማይገኝ ለመረዳት ግን በሽታዎቹን በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል።

በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ተሕዋስያን ከ30 በላይ ናቸው። በብዛት የሚያጠቁን ግን ስምንት ናቸው። አራቱ በመድኃኒት ይድናሉ፦ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያ እና ትሪኮሞናስ። አራቱ ቫይረሶች ናቸው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኸርፐስ እና የሰው ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለምዶ ኤችፒቪ የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በሚድኑት በአራቱ 374 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን ተከስቷል። በቀን ሲካፈል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የማይድኑት ቁጥር አይደለም፤ በትክክለኛ መድኃኒት የሚድኑት ነው።

ታዲያ የሚድን በሽታ እንዴት በዚህ ልክ ይዛመታል? መልሱ በአንድ ቃል “ዝምታ” ነው። ዝምተኞቹ ግን እኛ ብቻ አይደለንም፤ በሽታዎቹም ናቸው።

ጨብጥን ውሰዱ። ወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጮኻል፤ ያቃጥላል፣ መግል ይወጣል። ሴት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ክላሚዲያ ደግሞ ከእሱም ይብሳል፤ በአብዛኞቹ ሴቶችና በብዙ ወንዶች ላይ ጭራሽ ምልክት የለውም። ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ካልታከመ ወደ ላይ ይወጣና የማህፀን ቱቦዎችን ያቆስላል። ካልታከሙት ሴቶች ከመቶ ከ10 እስከ 15ቱ ላይ ይህ እንደሚደርስ ይገመታል። ውጤቱ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና፣ አንዳንዴም መካንነት ነው። ወንዱ ለሦስት ቀን ሲያቃጥለው የሚያየውን በሽታ ሴቷ ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች ማለት ነው።

ቂጥኝ ትልቁ አታላይ ነው። መጀመሪያ ብልት ላይ ወይም አፍ አካባቢ አንዲት ቁስል ታወጣለች። ቁስሏ አታምም። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያለ መድኃኒት ትደርቃለች። ባለቤቱም “ተመስገን፣ በራሱ ጠፋ” ብሎ ይገላገላል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ነው። ከሳምንታት በኋላ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ሽፍታ ሆኖ ሊመለስ፣ ያም ደርቆ ለዓመታት ሊደበቅ፣ በመጨረሻ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ላይ ከሆነ ጽንሱን ሊገድል ወይም ሕፃኑን ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ነው በእርግዝና ክትትል ወቅት የቂጥኝ ምርመራ የሚደረገው። የሚያሳዝነው ነገር ቢኖር በጊዜ የተደረሰበትን ቂጥኝ የሚያድነው አንድ መርፌ ነው፤ ያውም ድሮ የምናውቀው ፔኒሲሊን። ቂጥኝ ይህንን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተላመደውም።

ኸርፐስ ከሰውነት የሚያስወጣው መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግሰው ግን አለ። ኤችፒቪ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ዓይነት የብልት ኪንታሮት ያወጣል፣ ሌላው ዓይነት ለዓመታት ሲቆይ የማህፀን በር ካንሰር ያመጣል። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው።

አንድ ነገር ለሚዛናዊነት እንጨምር። ማቃጠልና ፈሳሽ ሁሉ የአባላዘር በሽታ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ፣ በፈንገስ የሚመጣ ማሳከክ አለ። ልጅቱ “ኢንፌክሽን አለብኝ” ስላለች ፖሊስ ሆኖ የሚነሳ ወንድ ካለ ይቀመጥ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ነው፤ በጥርጣሬ አይደለም፣ በካፌ ሸንጎም አይደለም።

አንድ ወረቀት፣ ብዙ በሽታ

የእኛ ትውልድ ስለ ወሲብ በግልጽ የሰማው በኤችአይቪ በኩል ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ብዙ ቀበረች፣ ብዙ አለቀሰች። ቀስ በቀስ ደግሞ መናገር ተማረች። “መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም” የሚሉትን የ“መ” ሕጎች በቃላችን ሸመደድን። ሕይወት ትረስት የሚለውን ስም ከኪዮስኩ መደርደሪያ ላይ አነበብን። 952 ደውለን ማንነታችንን ሳንናገር የልባችንን ጠየቅን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ ትልቅ ድል ነው፤ የተገኘውም ሰዎች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ “አለብኝ” ብለው ስለተናገሩ ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ነገር ግን ከድሉ ጋር አንድ ስህተት ተከትሎን መጣ። “መመርመር” ስንል ኤችአይቪን ብቻ፣ “ነጻ ነኝ” ስንል ከኤችአይቪ ብቻ ሆነ። ሰርግ ሲደርስ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄደው ወረቀት ያመጣሉ፤ ብዙ ቤተ እምነቶችም ይጠይቃሉ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ግን ያ ወረቀት ስለ ቂጥኝ ምንም አይልም። ስለ ክላሚዲያ አይልም። ስለ ሄፓታይተስ ቢ አይልም። ወረቀቱን አይተው ኮንዶሙን የሚጥሉ ጥንዶች ከአንዱ በር ተጠንቅቀው ሌሎቹን ሰባት በሮች ክፍት ትተው ይተኛሉ። ደግሞም በሮቹ ይገናኛሉ፤ በቂጥኝ፣ በኸርፐስ ወይም በጨብጥ የተያዘ ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሌላው የዘመኑ ጉድ ደግሞ ፖስትፒል ነው። መድኃኒቱ በራሱ ክፋት የለውም፤ የብዙ እህቶቻችንን ሕይወት አትርፏል። ግን በከተማችን ወጣት ዘንድ ትልቁ ፍርሃት እርግዝና ብቻ እየሆነ መጥቷል። ቅዳሜ ማታ የተረሳው ኮንዶም እሁድ ጠዋት በፖስትፒል “ይስተካከላል”። ፖስትፒልም ሆነ ሌላ እንክብል፣ መርፌውም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው እርግዝናን ይከላከላሉ እንጂ ከተዘረዘሩት ስምንቱ አንዱንም አይከላከሉም። ከሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚጠብቀው ኮንዶም ብቻ ነው።

የባንኮኒው ሐኪም

ወደ ፋርማሲው እንመለስ። ለወዳጃችን ያዘዝንለት ሲፕሮ ለምን አልሠራም? ምናልባት በከፊል ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ካልታከመችው ጓደኛው እንደገና ይዞት ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ጨብጡ ሲፕሮን የተላመደ ነበር። ጨብጥ እንደ አራዳ ልጅ ነው፤ አንዴ የሸወዱትን አይደግሙትም። ፔኒሲሊንን ተላመደ፣ ቴትራሳይክሊንን ተላመደ፣ ሲፕሮንም ተላመደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሲፕሮና ዘመዶቹ ለጨብጥ እንዳይሰጡ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በዋናነት የቀረው በመርፌ የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ነው፤ በአንዳንድ አገሮች እሱንም የተቋቋመ ጨብጥ ታይቷል።

እንግዲህ በየባንኮኒው “ለጓደኛዬ ነው” እያልን የምንገዛው ግማሽ መድኃኒት ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡ። ለበሽታው ልምምድ እየሰጠነው ነው። ፀረ ተሕዋስያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ በሕግ አይፈቀድም፤ ግን ይሸጣል፣ ምክንያቱም እኛ እንገዛለን። እንገዛለን፣ ምክንያቱም ጤና ጣቢያ መሄድ ያሳፍረናል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ ደፍድፈን ማለፍ አንፈልግም። እፍረቱ ከሰማይ አልወረደም። ካርድ ክፍል ሄደህ “ምንህን ነው?” ተብለህ በሃያ ሰው ፊት በጮክታ ስትጠየቅ፣ ያላገባች ልጅ ስለ ብልቷ ስትናገር ባለሙያው ቀና ብሎ “ባለ ትዳር ነሽ?” ሲላት፣ በር ሳይዘጋ ሱሪ ሲወልቅ፣ ሰው በሁለተኛው ቀን ፋርማሲውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከመካከላችን ይህ የደረሰባቸው አሉ። መልካም ባለሙያዎች ብዙ እንደሆኑ እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለንም። ነገር ግን አንዲት የተገላመጠች ልጅ አሥር ጓደኞቿን ከጤና ጣቢያ ታስቀራለች። ለአንድ ወጣት በር መዝጋትና ድምፅ መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህንን ለጤና ባለሙያዎች የምናቀርበው እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ልመና ነው።

“ብነግራት ትለየኛለች”

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ወዳጃችን ለምን አልነገራትም? መልሱን እናውቀዋለን፤ ምክንያቱም እኛው ነን ያቀበልነው። “ብትነግራት ትለይሃለች።”

እውነት ነው፣ ልትለየው ትችል ነበር። መብቷም ነው። ግን ዝም በማለቱ የጠበቀው ምንድን ነው? ፍቅሩን አይደለም፤ ፍቅሩ ያው ፈረሰ። የጠበቀው ሁለት ወር ነው። ሁለት ወር የተገዛው ደግሞ በሷ ገላ ነው። ጓደኛን መሸፈን ወንድነት ይመስለን ነበር። አሁን ግን ስናየው፣ ያን ቀን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አምስት ሰዎች ስለ አንዲት ሴት ማህፀን ወሰንን፤ እሷ ግን በስብሰባው ላይ አልነበረችም።

በሌላ በኩል ለሴት መናገር ከወንድ ይበልጥ እንደሚከብድ አንክድም። ሴቷ “ተመርመር” ስትል የመጀመሪያው መልስ “አንቺ ነሽ ያመጣሽው” ይሆናል። ዱላም ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው ማን እንዳመጣው መጠየቅ በሕክምናም ከንቱ፣ በፍቅርም መርዝ ነው የምንለው። ክላሚዲያ ያለ ምልክት ለወራት ይቀመጣል፣ ኸርፐስና ኤችፒቪ ለዓመታት ሊደበቁ ይችላሉ። ዛሬ የታየ በሽታ ትናንት ገባ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የታመመው ላይ ጣት ብንቀስር ብዙውን ጊዜ የምንቀስረው ምልክቱ በቀደመበት ሰው ላይ እንጂ ባመጣው ላይ ላይሆን ይችላል። ለመናገር የሚያሰጋት እህት ለብቻዋ እንድትጋፈጥ አንመክርም፤ የጤና ባለሙያዋን ታማክር። ለጓደኛ የሚላክ ወረቀት፣ ወይም ሁለቱንም ጠርቶ በባለሙያ አንደበት ማስረዳት የሕክምናው አንድ አካል ነው።

“ይህንን በአደባባይ ማውራት ባህላችንን ያረክሳል” የሚሉን እንደሚኖሩም እናውቃለን። መታቀብን፣ ለአንድ መወሰንን የሚያስተምሩ አባቶችና እናቶችን ቃል አንነቅፍም፤ ለሚችለው የተሻለው መከላከያም እሱ ነው። ነገር ግን በድንግልና ያገባች ሴትም በባሏ በኩል ትያዛለች። ሳትወድ በግድ የተደፈረች ልጅም ትያዛለች። (ይህ ለደረሰባት ሴት፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረስሽ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በቶሎ በሄድሽ ቁጥር የተሻለ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።) ዝምታ ጨዋዎቹን ከበሽታ አይለይም። የሚለየው ከሕክምና ነው።

እና ምን እናድርግ?

ቃል በገባነው መሠረት አንሰብክም። ከዚያ ማኪያቶ በኋላ እኛ ራሳችን ለማድረግ የተስማማነውን ግን እንናገር።

አንደኛ፣ ለጓደኛችን መድኃኒት አናዝም። “ያቃጥለኛል” ያለንን ሰው እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አብረነው እንሄዳለን፤ ካርድ ክፍሉ ጋ አብረነው እንሰለፋለን። እፍረት ለሁለት ሲሸከሙት ይቀላል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያችን “እሷስ?” ወይም “እሱስ?” የሚል ነው። ሁለቱም ይታከማሉ፤ ሁለቱም የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ይወስዳሉ፤ ሁለቱም ታክመው ሐኪሙ የሚነግራቸው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀን፣ እስኪያልፍ ድረስ ይታቀባሉ። አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ በሽታው እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ይመላለሳል።

ሦስተኛ፣ ኮንዶም ሁልጊዜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። “አምንሃለሁ” የክላሚዲያ ምርመራ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ኮንዶምም መቶ በመቶ አይደለም፤ ኸርፐስ፣ ኤችፒቪና ቂጥኝ ኮንዶሙ በማይሸፍነው ቆዳ በኩል ሊተላለፉ ይችላሉ። ብዙዎቹ በአፍ በሚደረግ ወሲብም ይተላለፋሉ። ቢሆንም አደጋውን በብዙ ይቀንሳል፤ የዝናብ ካፖርት ጫማችንን ስላላዳነ አንጥለውም።

አራተኛ፣ ስንመረመር “ኤችአይቪ ብቻ ነው ወይስ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም አለበት?” ብለን እንጠይቃለን። የክላሚዲያ ምርመራ በየቦታው አይገኝም፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ምልክትን አይተው ነው የሚያክሙት። ስለዚህ ምልክት ከሌለን ማንም አያገኘንም፤ የጓደኛችን መናገር ብቻ ነው የሚያተርፈን። የመናገር ጉዳይ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ያለን ብቸኛ “ላቦራቶሪ” እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ክትባት። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን፣ ማለትም የዚህ አምድ ጸሐፊዎችና አብዛኞቹ አንባቢዎች፣ በልጅነታችን አልወሰድንም። ተመርምረን ነፃ ከሆንን መከተብ እንችላለን። የኤችፒቪ ክትባት ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። እኛን አልፎናል፤ ታናናሽ እህቶቻችንን ግን እንዳያልፋቸው። ሰፈር ውስጥ “መካን ያደርጋል” የሚል ወሬ ሲነሳ ዝም አንበል፤ ክትባቱ መካን አያደርግም። ክትባቱ ላመለጣቸው እናቶቻችንና ታላላቅ እህቶቻችን፣ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት፣ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አለ። በሚቀጥለው እሁድ ቡና ላይ እናንሳው። ስለ ሌላው ሁሉ ይወራ የለም?

ልጅቱ ከጥቂት ወራት በፊት ደውላልን ነበር። የደወለችው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥራ ቀይራለች፣ ደህና ናት። ስለ ጽሑፉ ስንነግራት ትንሽ ዝም አለችና “ጻፉት፤ ግን እሱን ብቻ ጥፋተኛ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት” አለችን። አልጻፍነውም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዎች ማኪያቷቸውን እየጠጡ “ዝም በል” ብለውታል። አራቱም እስከ ዛሬ በዚህ አምድ ላይ ይጽፋሉ።

ዛሬ ማታ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ወጣ ብላችሁ ጨረቃዋን እዩዋት። ምንም አታስይዝም። አሁን ደግሞ ስልካችሁን አንሡና ልትነግሩት የሚገባችሁ ሰው ካለ ንገሩት።